ሦስት ፕሮፎርማ ለፈረስ ጭራ

የሰፈራችን ኪነት ቡድን የማሲንቆው ጭራ ቢበጠስበት ድጋፍ ፍለጋ ባህል ጽሕፈት ቤት ሄደ። ኃላፊው ጥበብ ወዳድ ናቸው። «ግዢ ስለሆነ ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ» አሉ። ባለጋሪው በነጻ ሊሰጠን ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ፈረሱ ቲን ቁጥር የለውም፤ ጭራው ይቆረጣል እንጂ ደረሰኝ አይቆርጥም።

በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ማኅበር ወራሪ ሳይደርስ ሕዝቡን በዜማና በንግግር ሲቀሰቅስ፣ ደግነቱ ፕሮፎርማ የጠየቀው አልነበረም።

በጀት የለም ብሎ ማማት ግን ነውር ነው። ለባነር፣ ለቲሸርት፣ «ኪነ ጥበብን እንዴት እንደግፍ?» ለሚለው ስብሰባ አበል ተፈቅዷል። እኛ የጠየቅነው ማታ ማታ የሚከፈት አዳራሽና የጭራ ዋጋ ብቻ ነበር።

ባነሩ ላይ አዝማሪያችን ማሲንቆውን ታቅፎ ፈገግ ብሏል። የፎቶው ጭራ አልተበጠሰም።