ሁለት ገዢ፣ ብስክሌት የለም

ዉኻን የገባሁት በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ከማደሪያዬ እስከ ክፍሌ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። መጀመሪያ ሙቀቱ ሸሚዜን አስጨመቀኝ፤ ሙቀቱ ሲበርድ ዝናቡ ተተካ። ብስክሌት መግዛት አለብኝ አልኩ፤ አሮጌም ይሁን፣ ብቻ ይሽከርከር።

ቻይንኛ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ድፍረት ግን አላነሰኝም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ 231ዱን ፊደል በአርጩሜ የለየሁ፣ አንዲት ቅጥያ «ለ»ን «ሉ» እንደምታደርግ ገና በስድስት ዓመቴ ተገርፌ የተረዳሁ። የእነሱ ፊደል ቢበዛ ቢበዛ ምን ያደርገኛል?

በዚያው ሰሞን መምህራችን መግዛትንና መሸጥን በአንድ ቀን አስተማሩን። ሁለቱም «ማይ» ናቸው። የመግዛቱ «ማይ» ድምፁ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ ሰው ተገርሞ «እንዴ?» እንደሚለው። የመሸጡ «ውጣ!» እንደማለት ቁልቁል ይወረወራል። ቅኔ ቤት የዋለ አብሮ አደጌ በስልክ ይህን ሲሰማ «በግዕዝ ደግሞ ማይ ውሃ ነው፤ ሦስተኛውን እኔ ጨመርኩልህ» ብሎ ሳቀብኝ።

አጻጻፋቸውም ያው ጉድ ነው። መግዛት ስድስት ጭረት ነው፦ ከላይ ጫፉ የታጠፈ ክዳን፣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ፣ ረጅም አግድም፣ ከዚያ የተንፈራጠጡ ሁለት እግሮች። በዚሁ አናት ላይ ትንሽ መስቀል ሲቆምበት ስምንት ጭረት ይሆንና ገዢው ሻጭ ሆኖ ያድራል። መስቀሏንም እንደፈለጉ አይሠሯትም፤ አግድሙ ይቀድማል፣ ቁሙ ይከተላል። የእኔ እጅ ግን ከልጅነቱ ያማተበው ከግንባር ወደ ደረት ወርዶ ነው፤ ወደ ትከሻ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። መምህራችን አጠገቤ ቆመው ስጽፍ ባዩ ቁጥር «ሄንግ! ሄንግ!» ይላሉ፤ አግድሙ ማለታቸው ነው።

ማስታወቂያዬ አምስት ፊደል ብቻ ነበረች፦ «አሮጌ ብስክሌት እገዛለሁ»፤ ከሥሯ 11 አሃዝ የስልክ ቁጥር። ብዕሬን ሳነሳ መስቀሏ የየትኛው እንደሆነች ጠፋችብኝ። ደብተሬን ባይ ምን ይጎድልብኝ ነበር! እኔ ግን አሰብኩ። የሚገዛ ሰው ቤቱ ይሞላል፤ የሚሸጥ ይጎድልበታል። ስለዚህ ትርፍ ጭረት የገዢው ነው። በዚህ ፍልስፍና መስቀሏን አናቱ ላይ ተክዬ ወረቀቱን ከግቢው በር አጠገብ ለጠፍኩ።

ስልኬ በዚያው ቀን ጮኸ። አንድ ሰውዬ ናቸው።

«ብስክሌት?»

«አዎ፣ ብስክሌት!»

«ስንት?»

ስንት ትከፍላለህ ያሉኝ መስሎኝ «200 ዩዋን» አልኩ። «ጥሩ፣ ጥሩ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። እንዲህ በቀላሉ!

ቅዳሜ ስደርስ ሰውዬው ትንሽ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሰላም ተባባልንና እኔ ከኋላቸው ብስክሌት መፈለግ ጀመርኩ፤ እሳቸውም ከኋላዬ። የታለ? አልኩ። የታለ? አሉ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ 200 ዩዋኔን አውጥቼ አሳየኋቸው። እሳቸውም ኪሳቸው ገብተው 200 ዩዋን አውጥተው አሳዩኝ። ልጅቷ አንዴ የእኔን ብር አንዴ የአባቷን ብር ታያለች።

ያስታረቁን የበሩ ጠባቂ ናቸው። ሁሉም «ሺፉ» ይላቸዋል፤ ሾፌሩንም ጥገና የሚሠራውንም እንዲሁ ነው የሚሉት፤ «ጌታው» እንደማለት ያለ መጠሪያ ነው። ሺፉ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቴን አነበቡ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን መስቀሏ ላይ ጫን አደረጉና «መግዛት» አሉ። ጣታቸውን አነሡ፤ «መሸጥ»። እንደገና ጫን፤ እንደገና አነሣ። ልጅቷ ቀድማ ገባትና ሳቋን ለቀቀችው።

ሰኞ መምህራችን የቀለዱብኝን ሁሉ ቀልደው ሲያበቁ ማስታወሻውን ነገሩኝ፦ የተረፈው ይሸጣል፣ የጎደለው ይገዛል። የፍልስፍናዬ ግልባጭ! ጥንት የመግዛት ፊደል መረብና ዛጎል ነበር አሉ፤ እኛ በአሞሌ እንደተገበያየን ቻይናዎች በዛጎል ይገበያዩ ነበርና። በመሸጥ አናት ላይ ደግሞ «መውጣት» የሚለው ፊደል ተቀምጦ ነበር፤ ዕቃው ከቤት ሲወጣ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፊደሉን ሲያቀሉት ዛጎሉ ጠፋ። ዛጎሉ ቢኖርም እኔ መሳሳቴ አይቀርም ነበር፤ ግን ሰበብ ማን ይጠላል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ማስታወቂያዬን ቀድጄ እንደመጣል መስቀሏን ብቻ በብዕር ፍቄ ተውኳት። ፍቀቱ አልጠራም ነበርና ብስክሌቴን የሚጠይቅ ሰው ለሳምንታት አልተቋረጠም። በመጨረሻ እኒያው የልጅቷ አባት ደወሉ፤ ለልጃቸው ሲያፈላልጉ ለእሷ የሚረዝም፣ ለእኔ የሚሆን አግኝተው ነበር። በ150 ዩዋን ገዛሁት። ፍሬኑ የፊቱ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነዳሁት።

አገር ቤት ልመለስ ስል ያቺ ወረቀት ከመጽሐፍ መሀል ወጣች። አዲስ መጻፍ ለምኔ? በሩ ላይ ለጠፍኳትና ቆሜ፣ በተፋቀው ቦታ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር ጎተትኩ።

«ሄንግ!» አሉ ሺፉ ከመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው። «አግድሙ ይቀድማል!»