ደስ አለችህ ወይ?

ማድሪድ፣ ስፔን

ለውድ እናቴ፣

የማድሪድ ብርድ ለእንጅባራ ልጅ ቀልድ ነው፤ ሊጨርሰኝ የደረሰው የበጋው ሙቀት ነው።

ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን የያዝነው ስለሚወዱትና ስለሚጠሉት መናገርን ነው። አብሮኝ የሚማረው እንግሊዛዊ ላብ በላብ ሆኗል፤ በእሱ ቋንቋ ነገሩን የሚወደው ሰውየው ነው። እዚህ ግን እንደኛው «ደስ ይለኛል» ነው፤ ጥፋቱ የነገሩ እንጂ የሰውየው አይደለም። አንድ ፈረስ ደስ ካለኝ «ሜ ጉስታ ኤል ካባዮ» እላለሁ። እንደ ጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲበዙብኝ ደግሞ «ሜ ጉስታን ሎስ ካባዮስ»።

የከበደኝ ይሉኝታው ነው። የላክሽውን ሽሮ ሠርቼ የምጦራቸውን አዛውንት ባቀምሳቸው፣ ማንኪያውን አስቀምጠው «ኖ ሜ ጉስታ ናዳ» አሉኝ፤ ቅንጣት ደስ አላለኝም ማለታቸው ነው። ዳንግላ ቢሆን እንግዳው እያነቀውም «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ይጨርሳት ነበር! አልተቀየምኳቸውም። እኔም ያንኑ ቃል ተውሼ ከጣሪያ ከሚንጠለጠለው የአሳማ እግር ተገላገልኩ፤ ሆዴን አሞኛል ማለት ቀረ። ድንችና እንቁላል ጠብሰው የሚሠሯት «ቶርቲያ» ግን በፍስክ ቀን አታመልጠኝም። የእንጅባራን ድንች ቢያገኙትማ!

በ1618 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግሽ ዓባይን ያየው ፔድሮ ፓኤዝ የተወለደው እዚሁ ማድሪድ አቅራቢያ ነው። አማርኛ ተምሯልና ይሉኝታውንም ሳይማር አልቀረም።

«ሜ ጉስታ» ለሰው ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰውን «ሜ ጉስታ» ካልሽ ልቤ ተነክቷል ማለት ነው። ጠባዩ ለተስማማሽ ሰው «ሜ ካኤ ቢየን» ትያለሽ። አንድ የክፍላችን ልጅ ይህን ሳይለይ የዘበኛውን ሚስት አመሰገነ፤ ዘበኛው እስካሁን በር አይከፍትለትም።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ስለዚያች ፎቶዋን ስለላክሽልኝ የዳንግላ ልጅ ነው። «ደስ አለችህ ወይ?» ብለሽ በጠየቅሽኝ ቁጥር «አንቺ ታውቂያለሽ» እያልኩ ስሸፋፍን ከርሜያለሁ። በስልክ አውርተናል፤ ጨዋ ናት፣ ጨዋታም ታውቃለች። እንግዲህ በስፔኖቹ ወግ ልንገርሽ፤ ሜ ካኤ ቢየን፣ ፔሮ ኖ ሜ ጉስታ።

ለእናቷ ግን እንዲህ እንዳትያቸው። ትምህርቱን አልጨረሰም በያቸው።

ልጅሽ