ለውርጭ ነጋሪ ሠሪ የሚሆን የጥፋት ምክር

ወንድሜ ሆይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ባቄላውን እንዳያጠቁርበት ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ በሚያድርበት በደብረ ብርሃን ደጋ፣ ብርዱን ለክቶ በስልክ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአርዱዊኖ ኡኖ ሠርተህ፣ በዲፌንስ ቀን እንዲያስጨበጭብልህ፣ ማሳ ላይ ግን እንዲከዳህ የምትሻ ከሆነ፣ ይህን ምክር በልቡናህ አኑር።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተልን ናቅ። ሰንሰሩን የሚያነበውን ትእዛዝ በግሎባል ኦብጀክት ኮንስትራክተር ውስጥ ጻፍ፤ ኮንስትራክተር ከሴትአፕ አስቀድሞ እንደሚሠራ ማስታወስ ቅዳሴ ሳይገባ ቍርባን የማይጠይቁ ምእመናን ጠባይ ነው። ዲሌይም ጨምርበት፤ ሰዓት ቈጣሪው ገና አልተነሣምና እስከ ዕለተ ምጽአት ቆሞ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ኮዱን በሁለት ፋይል ከፍለህ የአንዱን ግሎባል በሌላው ላይ አስደግፍ። በአንድ ፋይል ውስጥ የላይኛው ይቀድማል፤ በሁለት ፋይሎች መካከል ግን ማን እንዲቀድም የሲ ፕላስ ፕላስ ሕግ አልወሰነም፤ አንተ ግን ዛሬ የሠራ ነገም ይሠራል ብለህ እመን።

ሦስተኛ፣ 2,048 ባይቱን ራም እንደ ባለጸጋ ጎተራ ቍጠረው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ውርጭ» የምትለው ቃል ከነመዝጊያዋ 10 ባይት ትበላለች፤ ኤፍ በምትባለው ማክሮ በ32 ኪሎ ባይቱ ፍላሽ ልታኖረው የምትችለውን መልእክት ሁሉ ራም ላይ ዘርግፈው።

አራተኛ፣ በሉፑ ውስጥ ስትሪንግ በስትሪንግ ላይ ቀጥል፤ የራሙ ቦታ ይበጣጠሳል። ከታች የሚያድገው ሂፕና ከላይ የሚወርደው ስታክ በመካከላቸው ግንብ የላቸውምና ይጋጩ። ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣውን ራም አንሷል የሚል ማስጠንቀቂያ አትስማው።

አንተ ሰው፣ ምን ነክቶህ ነው? በአንኮበር መንገድ ዳር ካለ ማሳ ያየሁት ሣጥን አረንጓዴ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ፣ ፕሮግራሙ ግን በሌሊት ቆሞ አደረ፤ መብራቱን አምኖ የተኛው ሽማግሌ ሲነጋ የጠቆረውን ቅጠል በጣቱ እየዳበሰ ዝም አለ። የአንድን ቤት የዓመት ቀለብ የቀሠፈው ውርጭ ብቻ አይደለም፤ ባይቱን መቍጠር የታከተው እጅህም ነው!

ወደ ምክሬ ልመለስ። አምስተኛ፣ ዋችዶግ የሚባለውን፣ የቆመ ፕሮግራም የሚያስነሣውን ዘበኛ አትቅጠር።

በመጨረሻም ሽማግሌው «ሌሊቱን ለምን ዝም አለ?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ ሪሴቱን ተጫንና ሲነሣ አሳየው፤ «አባቴ፣ ይኸው ይሠራል» በለውና ሂድ።