የአክስቴ ቤት በቅርፊት

ገጠር ያደገችው እናቴ ቅርፊትና ልጥን አታምታታም። ውጪውን የሚሸፍነው፣ ተሰነጣጥቆና ደርቆ የሚረግፈው ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ያለው እርጥብ፣ ተልጦ ማገር የሚታሰርበት ደግሞ ልጥ። ልጅ ሆኜ ስትነግረኝ እሺ ብዬ አልፌዋለሁ። ልዩነቱ የገባኝ ባለፈው ክረምት፣ ከዛፍ ቅርፊት ቤት ልቀርጽ ተነሥቼ አውራ ጣቴን ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቪዲዮ ነው። በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ዳር ኮተንዉድ የሚባል ትልቅ ዛፍ ይበቅላል። ሲያረጅ ቅርፊቱ የመዳፍ ወርድ ያህል ሊወፍር ይችላል። ቀራጮች ከሞተው ዛፍ ላይ ያነሡትና የተረት ቤቶች ያወጡበታል፤ ጣሪያቸው የጎበጠ፣ ጭስ ማውጫቸው የተጣመመ፣ ደረጃቸው ቋጥኝ ዞሮ የሚወጣ። ሰውዬው ሲቀርጽ እያየሁ ይህንን ቤት አውቀዋለሁ አልኩ። የአክስቴ ቤት ነበር።

አክስቴ የኖረችው ካዛንቺስ ነው፤ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ ቅያስ ውስጥ። የሰፈሩ ስም ራሱ ስለ ቤት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በቆየበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በምሕጻሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ» ደግሞ ቤቶች ማለት ነው። የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዜ ኢንቺስ፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ። በኋላ በቪላዎቹ መሐልና ጀርባ የጭቃ ቤቶች እየተጠጋጉ በቀሉ፤ የአክስቴ አንዷ ናት። ግድግዳዋ ወደ ጎረቤት ያዘመመ፣ ቆርቆሮዋ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት፣ በሯ አንገት የሚያስደፋ። ቦታው ተዳፋት ስለነበር በአንድ ወገን ሦስት ደረጃ፣ በሌላው ወገን ምንም። ልጅ ሲወለድ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ አንድ ክፍል እዚህ፣ አንድ ማድ ቤት እዚያ ተቀጥሎባታል። ንድፍ የሠራላት ሰው የለም፤ የኖሩባት ሰዎች ናቸው ቅርጿን ያወጡት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እሷም ፈረሰች። አክስቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች። ከዚያ ፎቶ ፈለግን። ልደት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ቡና ላይ የተነሣነው ሞልቷል፤ ቤቷ ግን በሁሉም ከሰው ጀርባ የቀረች ቁራጭ ግድግዳ ናት። እንደ ቤት ቆማ፣ ከጣሪያ እስከ ደረጃ የታየችበት አንድም የለም። ስለዚህ ከቅርፊት ልቀርጻት አሰብኩ።

ቅርፊት ሲባል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባሕር ዛፍን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ከተማዋ እዚሁ እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱ ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። እኔም ከአጣና መሸጫ አንድ ክንድ ሙሉ ልጣጭ ተሸክሜ መጣሁ። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እንደ ጥብጣብ እየጣለ ነው የሚያድገው። በሁለት ቀን ውስጥ ተጠቀለለ፤ ቢላዋ ሳስነካው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ለእሳት እንጂ ለቤት አይሆንም።

እኔ የምኖረው ቂርቆስ ነው። በመንገዴ ላይ የአንድ አናጺ ሥራ ቦታ አለ፤ አጥሩ ጋ ያረጀ ፓቱላ ቆሟል፣ ያ ከሜክሲኮ የመጣው ጥድ መሰል ዛፍ። ላዩ ቀላና ስስ ነው፤ ወደ ግንዱ እግር ሲወርድ ግን ቅርፊቱ ጠቁሮ፣ ሸካራ ሆኖ፣ ሁለት ጣት ያህል ወፍሯል። አንድ እሑድ ማንም የለም ብዬ ቢላዬን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ ፈለቀቅሁ። አልነቀልም አለ። ገፋሁት። ድንገት ለቀቀና ቢላዋው እርጥቡ ላይ ተንሸራቶ አውራ ጣቴን አገኘው። ደሜና የዛፉ ፈሳሽ አንድ ላይ ወረዱ።

አናጺው ከውስጥ ወጣ። ጣቴን በውኃ አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስሮ፣ ከዚያ ነው የተናገረው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ በሕይወት ያለ ነው። ልጡ ጋ ደርሰህበታል።»

«ትንሽ ብቻ ፈልጌ ነው፣ ጋሼ።»

«ለትንሽ ያገግማል። ዙሪያውን ብትልጠው ግን በቁሙ ይደርቃል።»

ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነው፤ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል። ቅርፊቱ ልብሱ ነው፣ ልጡ ሥጋው። አፈርኩ። ምን ልሠራበት እንደፈለግሁ ስነግረው እንጨት የሚፈልጥበትን ጉቶ አሳየኝ፤ ፓቱላዎቹ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ከተቆረጠ ዓመታት አልፎታል። ከጉቶው ላይ በመሮ ሁለት ሰሌዳ ቅርፊት አነሣልኝ፤ ደረቅ፣ ቀላል፣ ውስጡ እንደ ቡና የጠየመ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። ቢላዬን ግን ተቀብሎ መሳያ ድንጋይ ላይ ብዙ ደቂቃ አሸው። የደነዘዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ እጅ ያመልጣል አለኝ። ቅርፊትም ከእንጨት የተለየ ነው፤ ንብርብር ስለሆነ ስለቱ ካልተባ ይፈረፈራል።

እኔ ከደረጃው ልጀምር ነበር፤ ቤት ከመሠረት ነው ብዬ። «ይሄ ቤት አይገነባም፣ ይወጣል እንጂ» አለ። «ላሊበላስ ከጣሪያው አይደል የተጀመረው?» እውነቱን ነው። ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉ ሰዎች መጀመሪያ ያዩት ጣሪያውን ነው፤ በሩ ጋ የደረሱት ዓለቱን ወደ ታች ጠርበው ጠርበው ነው። እኔም ከጣሪያው ጀመርኩ። ሸካራውን የቅርፊት ገጽ ሳልነካ ለቆርቆሮው ተውኩት። ከክፈፉ ሥር በቢላ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አጠለቅሁ፤ ከዚያ ከግድግዳው ወገን ወደዚያ መስመር ስስ ስስ አድርጌ መቅረፍ። መስመሩ ከሌለ ቢላዋው ጣሪያውን ይዞት ይሄዳል። መስኮት አይበሳም፤ ጠለቅ ተደርጎ ሲቆረጥ ጥላው ራሱ ጨለማ ክፍል ይመስላል። ይህንን ሳይ አንድ ምሽት ሙሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ። የአክስቴ ሳሎን ከውጭ ሲታይ በትክክል እንደዚያ ነበር።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያዘመመው ግድግዳ፣ ድንጋዮቹ፣ ሦስቱ ደረጃዎች ወጡ። የተልባ ዘይት መቀባት ብቻ ሲቀረው ከማንደጃው አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጌ።

ሐምሌ 22 የዑራኤል ንግሥ ነው። አክስቴ ቤቷ ቢፈርስም ደብሯን አልቀየረችም፤ ዋዜማውን እኔ ጋ መጥታ አደረች። ከንግሥ ስንመለስ ዝናብ ደበደበን። ልብሴን ቀይሬ ስወጣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

«ከሰሉ እርጥብ ሆኖ አልያዝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ያቺን ቅርፊት ባላገኝ ቡና አንጠጣም።»

መደርደሪያውን አየሁ። ማንደጃውን አየሁ። ከጣሪያው ጥግ ጣት የምታህል ቀርታለች፤ እሷም እየቀላች ነው። ዝም ልል አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ያ ቅርፊት ቤትሽ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ነገርኳት፤ ስለ ፎቶዎቹ፣ ስለ ጉቶው፣ ስለ ጣቴ። ማማሰያውን አስቀመጠች። ቡናው ማረር ጀመረ፤ ሁለታችንም አላነሣነውም። እሳቱን ብዙ አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ።

«ደረጃውን ስንት አደረግከው?»

«ሦስት።»

«አራት ነው፣ የኔ ልጅ። የታችኛውን አንተ ሳትወለድ ጎርፍ ደለል አልብሶት ነው። ከባሌ ጋር ድንጋዩን ያስቀመጥነው እኛ ነን።»

ከዚያ አላቆመችም። መስኮቱ የመጣው ከአንድ የፈረሰ ቪላ ነው፤ ለዚህ ነው ከበሩ የሚበልጠው። ግድግዳው ያዘመመው አርጅቶ ሳይሆን ከመጀመሪያው ነው፣ ጎረቤቷ የተከላትን ጌሾ ላለመንቀል ሲሉ። ድንጋዮቹ ስድስት ናቸው። እርሳስና ወረቀት አምጥቼ ጻፍኩ፤ ሁለተኛ ቡና ተቆላ፣ ሦስተኛው ተጠጣ፣ እሷ ገና ማድ ቤቱ ጋ ነበረች።

የአናጺው ሁለተኛ ሰሌዳ ነበረኝ። ከጣሪያው ጀምሬ ወርጃለሁ፤ ጌሾዋም በቅላለች። አሁን አራተኛው ደረጃ ላይ ነኝ። ቅርፊቱ እዚያ ጋ ይሳሳል፣ በአንድ ጊዜ ከፀጉር ያልወፈረ ብቻ ነው የምቀርፈው።