ሶልቬይ የሚባል ስም ፍለጋ

በእኛ ቤተሰብ ስም የሚያወጣው ወላጅ ብቻ አይደለም። አያት ታወጣለች፣ የክርስትና እናት ትጨምራለች፣ አንዳንዴም ጎረቤት ያወጣው ከሁሉም በልጦ ይጸናል። ስለዚህ ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ «ሶልቬይ እላታለሁ» ስትል፣ ነገሩ በእሷና በባሏ መካከል ሊቀር አልቻለም። ወሬው በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። እናታችን የደወለችው ለእኔ ነበር። «አንቺ ታላቋ አይደለሽም? ምን ማለት እንደሆነ ሳታጣሪ ዝም ትያለሽ? ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ይሄን ያወጣው የትኛው መልአክ ነው?»

እህቴ ምክንያት ነበራት። እዚህ እንዳለን ብዙዎቻችን እሷም አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ከእነሱ አንዷ በዚህ ስም የሚጠሩ አሮጊት ነበሩ። እህቴ ሆዷ በገፋበት ወራት ወንበር ስበው ያስቀመጧት፣ እግሯን በትራስ ያስደገፉላት፣ «ዛሬ የማገለግልሽ እኔ ነኝ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ሳትወለድ አረፉ። እህቴ ስማቸው እንዲቀር ፈለገች፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነውና ከዚያ በፊት ለእናቴ መልስ ማግኘት ነበረብኝ። ፍቺውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ስሙ የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ይናገሩት ከነበረው ከኖርስ ቋንቋ የመጣ ነው። ኖርስ የእንግሊዝኛና የጀርመንኛ ዘመድ፣ የዛሬዎቹ የኖርዌይኛ፣ የስዊድንኛ፣ የዴንማርክኛና የአይስላንድኛ እናት ነው። ስሙ ከሁለት ቃላት የተገጠመ ሲሆን ሁለተኛው ብርታት ማለት እንደሆነ ይነገራል። በመጀመሪያው ላይ ግን ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ገሚሱ ፀሐይ ነው ሲል ገሚሱ ቤት ወይም አዳራሽ ነው ይላል። ሁለቱንም ለእናቴ ነገርኳት። «የቤት ብርታት ከሆነ ደግ ነው» አለች። ቀጥላም «ግን ማን ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእናቴ የስም ፍቺ ብቻውን አይበቃትም፤ ስሙን ቀድማ የተሸከመችው ሴት ዕድል ምን እንደነበረ ማወቅ ትፈልጋለች።

በጥር ብርድ ከቤት ያስወጣኝ ይሄ ጥያቄ ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ነጠላዬን ሳላወልቅ ሚኒያፖሊስ ፍራንክሊን ጎዳና አጠገብ ወዳለው ሚንደኪርከን ሄድኩ። ኖርዌያውያን በ1922 የመሠረቱት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም በየእሁዱ በኖርዌይኛ ይሰበክበታል። ከሴዳር ሪቨርሳይድ ብዙም አይርቅም። ሴዳር አሁን የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የሌላውም ኢትዮጵያዊ ሰፈር ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚያ ጎዳና የሚሰማው የስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ ነበር። ከ1825 ጀምሮ በመቶ ዓመት ውስጥ ወደ 800,000 ኖርዌያውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። በ1865 ሕዝቧ 1.7 ሚሊዮን ብቻ ለነበረ አገር ይህ ምን ያህል ቤት እንዳጎደለ መገመት አያዳግትም። ከእነዚህ ስደተኞች ብዙዎቹን የተቀበለችው ሚኒሶታ ናት።

ምእመናኑ ቡና ላይ ነበሩ። ከኢትዮጵያ መሆኔን ስነግራቸው አንዳንዶቹ «ሲዳሞ!» ብለው ፈገግ አሉ፤ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከ1948 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ሠርቷልና አገራችን ለእነሱ ባዕድ አይደለችም። ስሙን በላቲን ፊደል የጻፍኩበትን ወረቀት ለአንዲት አሮጊት ሰጠኋቸው። መጨረሻው ላይ ያለውን «ግ» በጣታቸው ሸፈኑና «ይሄ ይጻፋል እንጂ አይጠራም» አሉኝ። ከንፈራቸውን አሹለው «ሱል»፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው «ቫይ» አሉ፤ እኔም ተከትዬ አልኩ፤ እስኪስተካከል ደጋገምነው። ሚኒሶታ የተወለዱት «ሶልቬይ» ይሉታል፤ ጀርመኖች ደግሞ የመጨረሻዋን ፊደልም ይጠሯታል። ማን ነበረች ብዬ ስጠይቃቸው «ሴንት ፖል፣ ኮሞ ፓርክ ሄደሽ የኢብሰንን ሐውልት እይው» አሉኝና ታሪኩን አጫወቱኝ።

የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን «ፔር ጊንት» የተባለውን ድርሰቱን ያሳተመው በ1867 ነው። ፔር አንድ ቦታ መርጋት የማይችል የገጠር ጎረምሳ ነው። ሶልቬይ ወላጆቿንና እህቷን ትታ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተች ተራራ ላይ ወዳለችው ጎጆው ትመጣለች። እሱ ግን «ጠብቂኝ» ብሏት ይሄዳል። አሜሪካ ሠርቶ ይከብራል፣ ሞሮኮና ግብፅ ይዞራል፣ ያገኘውን ሁሉ ያጣል። ሲመለስ አርጅቷል፤ እሷም ዓይኗ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፤ ከዚያች ጎጆ ግን አልወጣችም። ቴያትሩ በ1876 በኤድቫርድ ግሪግ ሙዚቃ ታጅቦ መድረክ ላይ ሲወጣ የሶልቬይ ዜማ ከቴያትር ቤቱ አልፎ ዓለምን አዳረሰ። ስሙ ከድርሰቱ በፊትም የነበረ ነው፤ ዝነኛ ያደረገው ግን ይህ ሥራ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ የኖርዌይ ሴቶች ልጆች ተጠሩበት። ዛሬ በአብዛኛው የአያቶች ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ከስካንዲኔቪያውያን ዘሮች ብዙም አልወጣም። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የሕፃናት ስም ዝርዝር ደግሞ በዓመት ከአምስት ላነሱ ልጆች የተሰጠ ስም አይመዘግብም። ከእኛም ልጆች ስሞች ከዚያ መስመር በታች የሚውሉ አሉ።

ኮሞ ፓርክ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሙቀት ግን የላትም። የኢብሰን ሐውልት ከደረት በላይ ነው፤ ጃኮብ ፊየልዴ የተባለው የሚኒያፖሊስ ቀራጺ የሠራው፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1907 የቆመ። በረዶው በራሱና በትከሻው ላይ ተከምሮ ጉንጩን የሸፈነውን በረዶ ከጺሙ ለይቶ ማየት ያስቸግር ነበር። ለእናቴ ፎቶ ላነሳ ጓንቴን ሳወልቅ ስልኬ በብርዱ ተዘጋ። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ እሷም ባትሪዋ ሞቶ አልነሳ አለች። ጣቶቼን አፌ ውስጥ እያሞቅኩ፣ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ ከ1915 ጀምሮ እዚያ ወዳለው የመስታወት የአትክልት ቤት በእግሬ ሄድኩ። በሩን ስከፍት እርጥብ ሙቀት ፊቴን መታኝ፤ ዘንባባ ሥር ቁጭ ብዬ ስልኬን ቻርጅ አደረግሁ። የእህቴን ባል ብደውልለት ሥራ ላይ ነው። የጅማ ልጅ የሆነ፣ ሕመምተኞችን ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ጓደኛውን ላከልኝ።

ሰውዬው ጃምፐር ኬብሉን ከቫኑ አወጣና ቀዩን መጀመሪያ ከእኔ ባትሪ፣ ከዚያ ከራሱ አሰረ፤ ጥቁሩን ከራሱ ባትሪ አስሮ የመጨረሻውን ጫፍ ከሞተሬ ብረት ላይ ነከሰው። ባትሪዬ እስኪሞላ ስንጠብቅ ምን እንዳመጣኝ ነገርኩት። «እህቴ» አለኝ፣ «ልጄ ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን ሥራ ትቼ አብሬያት ሄድኩ። አስተማሪዋ ‹ስሟ ይረዝማል፣ እናሳጥረው› አለችኝ። ‹አይረዝምም፤ በቀስታ በይው› አልኳት። በትክክል እስክትጠራው ከክፍሉ አልወጣሁም። አሁን እዚያ ትምህርት ቤት ያለ ሕፃን ሁሉ ልጄን በስሟ ይጠራታል።» መኪናዬ ተነሳች።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። የሶልቬይን ታሪክ ሳላሳጥር ነገርኳት። የፈራሁት ዕድሉን ነበር፤ ዕድሜዋን በመጠበቅ የጨረሰች ሴት ስም ለሕፃን ይሰጣል ወይ ትላለች ብዬ። እሷ ግን የጠየቀችኝ «መጣ ወይስ አልመጣም?» ብላ ነው።

«መጣ፤ ሁለቱም አርጅተው።»

«እኔስ እዚህ ምን እያደረግሁ ነው ልጄ? የሚጠብቅ ሰው ባይኖር የሄደው ወዴት ይመለሳል? ይሁን፣ ትጠራበት። ስታድግ ግን ታሪኩን ንገሯት፤ የአሮጊቷንም፣ የዚያችንም፣ የእኔንም።»

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ካህኑ በግዕዝ የክርስትና ስሟን ሰጧት፣ በልደት ምስክር ወረቀቷ ሶልቬይ ተብላለች፣ እናቴ ደግሞ በስልክ «ጽናቴ» ትላታለች። ሦስቱም አይጣሉም።

በዚህች ከተማ የኖርዌያውያኑ የልጅ ልጆች አብዛኞቹ የአያቶቻቸውን ቋንቋ አይናገሩም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ያቆየው ታሪኩን ሳይታክት የሚናገር፣ አጠራሩን አፉን ከፍቶ የሚያሳይ ሰው ስላልጠፋ ነው። በ2008 እንኳ ሚኒያፖሊስ የሚገኘው ጉትሪ ቴያትር የሚኒሶታው ገጣሚ ሮበርት ብላይ ባዘጋጀው ትርጉም ፔር ጊንትን መድረክ ላይ አውጥቶታል። እኛም ለልጆቻችን ስም ማውጣት እናውቃለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ እንታክታለን፤ አስተማሪው ሲያሳጥረው ዝም እንላለን፣ ልጁ ራሱ ሲያሳጥረው ደግሞ ደስ እንዳለው እንቆጥራለን። ስም ያወጣ ሰው ዕዳ አለበት። ማን እንደተጠራበት፣ ለምን እንደተመረጠ፣ እንዴት እንደሚነገር ለልጁ ማስረዳት አለበት፤ ሲያስፈልግም ሥራ ትቶ ትምህርት ቤት ድረስ መሄድ አለበት። አማርኛውም ኦሮምኛውም ከልጆቻችን አፍ ላይ ቢደክም እንኳ፣ ይህን ካደረግን የልጅ ልጆቻችን ስማቸውን ከነታሪኩ ይዘው ይኖራሉ።