ካርቨርን ማን ይተካዋል?

ማት ሪቭስ ያዘጋጀው «ዶውን ኦፍ ዘ ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ለዕይታ ሲበቃ ስለ ጦርነት፣ ስለ መተማመንና ስለ ሥልጣን ብዙ ተባለለት። ይህ ጥናት የተካሄደው ላምበረት ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ግቢ ሲሆን፣ የደረሰበት ግኝት ለየት ይላል። ፊልሙ ሲደገም የሚገለጠው ከዳር እስከ ዳር ስለ መብራት መሆኑ ነው።

ነገሩን ለዘነጋ አንባቢ፦ ከቤተ ሙከራ የወጣ ቫይረስ የሰውን ዘር ካመናመነው ዐሥር ዓመት ሆኖታል። ሳን ፍራንሲስኮ የተጠለሉት ጥቂት ሰዎች ለጄኔሬተር የቀረቻቸው ነዳጅ ልታልቅ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የኃይል ማመንጫ ግድብ አለ፤ ግን ያለው ሲዛር የሚባለው ቺምፓንዚ በሚመራቸው ዝንጀሮዎች ጫካ ውስጥ ነው። የቀረው ሁሉ፣ እሳቱም፣ ፈረሱም፣ ተኩሱም፣ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱን በክፉና በደግ መመደብ አያዋጣም። ትክክለኛው መለኪያ ከመብራት ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው።

አንደኛው ምድብ መብራት የማያስፈልጋቸው ናቸው። ሲዛር፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ኦራንጉታኑ መምህር ሞሪስ እዚህ ይገባሉ። አድነው ይበላሉ፣ እሳት ይሞቃሉ፣ ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥራሉ፤ የእኛዋ ጭላዳም ሰሜን ተራራ ላይ ያለ አንድ አምፖል ስንት ዘመን ኖራለች። ስለዚህ ምድብ ሌላ የሚባል የለም። ደስተኞች ናቸውና ለጥናት አይመቹም።

ሁለተኛው ምድብ መብራት የሚፈልጉት ናቸው። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለውን ተረት ፊልሙ ላይ በተግባር ያዋሉት ዝንጀሮዎቹ ሳይሆኑ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ወደ ግድቡ የሚሄደውን ቡድን የሚመራው ማልኮም በየግቢው የማይጠፋው አቤቱታ አቅራቢ ነው፤ ተባርሮም ይመለሳል፣ ተዋርዶም ይለምናል። ጋሪ ኦልድማን የተጫወተው ድሬፈስ ግን ከባድ ክለሳ ይገባዋል። መጀመሪያ ሲታይ መሣሪያ የሚያከማች ነገረኛ ይመስላል። ሲደገም፣ መብራቱ የመጣ ሌሊት ምን እንዳደረገ ልብ ይባላል። ከተማው ይጨፍራል፤ እሱ ብቻውን ታብሌቱን ያበራና የሞቱበትን ልጆች ፎቶ እያየ ያለቅሳል። ላምበረት ውስጥ መብራት ሲመጣ ከጎረቤት ሁሉ አስቀድሞ ቻርጀር ፍለጋ የሚሮጠውን ሰው ስንታዘበው ኖረናል። ምን ሊያይ እንደሚሮጥ ጠይቀነው አናውቅም።

ሦስተኛው ምድብ መብራት የሚያመጣው ሰው ነው። በዚህ ምድብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙም ካርቨር ይባላል።

ካርቨር ከወረርሽኙ በፊት በከተማው የውሃ ሥራ ላይ የነበረ፣ ባለጌ፣ ፈሪና ተኳሽ ሰው ነው። ገና ፊልሙ ሲጀምር ጫካ ውስጥ አንድ ወጣት ዝንጀሮ አይቶ በድንጋጤ ያቆስለዋል፤ ጦርነቱ ያኔ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ቡድኑ ወደ ግድቡ ሲመለስ ታዲያ ማንን ይዞ ሄደ? ካርቨርን። ለምን? ግድቡን የሚያውቀው እሱ ነዋ! ፊልሙን ውጭ አገር ሆኖ ያየ ሰው ይህን የድርሰት ድክመት ሊለው ይችላል። ግቢው ውስጥ አንድ ፌዝ ሄዶበት የሚያውቅ ሰው ግን በዝምታ ራሱን ይነቀንቃል።

የካርቨር ዝርያ አገራችን ውስጥ በሰፊው ተሰራጭቶ ይገኛል። ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ይህም በሦስት ይከፈላል፦ ከቤት ያልወጣ፣ ሌላ ሰው ቤት ያለ፣ እና በእርግጥ መንገድ ላይ ያለ። ሦስተኛው ዓይነት እስካሁን አልተገኘም። ሲመጣ ቴስተር ረስቶ ይመጣል። አከራይዋ እትዬ ለልጆቻቸው የነፈጉትን ትሕትና ለእሱ አውጥተው «ጌታዬ፣ ቡና ላፍላልህ?» ይሉታል። የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ለረዥም ጊዜ ያየዋል፤ ምላሱን በትዝብት ያጮኻል። ከዚያ ያች የሙያው መክፈቻ ትመጣለች፦

«ይሄን ማን ነው የነካካው?»

የነካካው እሱ ራሱ ነው፤ ለፋሲካ ዋዜማ። ይህን የሚያነሳበት ግን የለም፤ ቢነሳ ፒንሳውን ሰብስቦ ይሄዳል። ካርቨርም እንዲሁ ነው። ጫካው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰውን ዘር ዝንጀሮዎች ጨረሱት ሲል፣ ቫይረሱን ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደሠራው የቡድኑ ባልደረባ ኤሊ ብትነግረውም አይዋጥለትም። ጥፋቱ የሌላ ነው፤ ቀድሞ የነካካ አለ።

እዚህ ላይ ለፊልሙ ሳይንሳዊ ልብ ወለድነት ዋናው ማስረጃ መመዝገብ አለበት። የሚናገሩት ዝንጀሮዎች አይደሉም። ድሬፈስ ለማልኮምና ለቡድኑ የሰጣቸው ሦስት ቀን ነው፤ እነሱም ግድቡን በዚያው ውስጥ ጠግነው ጨረሱ። የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍል የወጣው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ክፍል ወጥቶ አለቀ። ግድቡ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ትራንስፎርመሩ መቃጠሉን ለማመን የሚፈጅ ጊዜ ነው።

ምደባው እስከዚህ በሰላም ደረሰ። ኮባ ሲመጣ ተሰናከለ። ሲዛር ሰዎቹ ሥራቸውን ይሥሩ ሲል፣ በቤተ ሙከራ ጓዳ ያደገው ኮባ ገላው ላይ ያለውን ጠባሳ አንድ በአንድ እያመለከተ የሰው ሥራ ይህ ነው ይላል። በመጀመሪያው ዕይታ ይህ የክፉው ንግግር ነበር። አሁን ሲታይ ማንም መልስ አልሰጠውም፤ ሲዛርም ጭምር። በኋላ የሠራው ሥራ አይካድም፤ የራሱን መሪ ይተኩሳል፣ እሺ አልልም ያለውን ወጣት ከፎቅ ይወረውራል። ግን ይህን ፍጡር በአምፖል መመደብ ነውር ሆኖ ስለተገኘ መለኪያው እዚህ ላይ ተትቷል።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ አይታለፍም። ኮባ ካርቨርን የገደለው መብራቱ በመጣበት ሌሊት ነው፤ ላይተሩንም ኮፍያውንም ወሰደ። ግድቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዳለ ፊልሙ አልነገረንም። የእኛ ግቢ ቢሆን አስከሬኑ ሳይነሳ «ያስተማረው ልጅ የለም ወይ? ስልኩን ያዙልን» ይባል ነበር። ሦስተኛው ክፍል በሐምሌ 2009 ወጣ፤ በረዶ፣ ወታደርና የእስረኞች ካምፕ ሞልቶበታል። ስለ ግድቡ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።