አጓትና ኮፐንሃገን

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጠይቅ ይዞ ጎሬ ቢወጣ መጀመሪያ ቡና ይቀርብለታል፤ ከቡናው ጋር ደግሞ የአሮጊቷ የአዴ ምላስ።

— አዴ፣ ትናንት ስንት እንጀራ በሉ?

— ከማን ጋር?

— ብቻዎን።

— ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም? ሞተች ብለህ ልትጽፈኝ ነው?

— ከገበታው ላይ የእርስዎ ድርሻ ማለቴ ነው።

— የልጅ ልጄ ያጎረሰችኝስ? በእሷ ስም ይጻፍ በእኔ?

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እውነት ለመናገር አዴ የነኩት የሥነ ምግብ ተመራማሪውን ሁሉ የሚያመው ቦታ ላይ ነው። መጠይቁ የተወለደው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን በሚቀርብበት አገር ነው፤ አንድ ትሪ የከበበ ቤተሰብ መሐል ማን ስንት ግራም እንደዋጠ ማን ይለያል? ጉርሻን የሚመዝን ሚዛን ገና አልተሠራም።

— ለመሆኑ እናንተ አጥንታችሁ ምን አገኛችሁ?

— ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት ለጀመሩ ሰዎች በቀን 200 ግራም ቅባት የበዛበት ገንቢ ምግብ ለ3 ወር ተሰጣቸው። ካልተሰጣቸው ይልቅ ወደ 2 ኪሎ ጨመሩ።

— የበላ ወፈረ ለማለት ኮፐንሃገን ድረስ?

— ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ጨምረዋል፣ የእጃቸው ጉልበትም በርትቷል። ያልተሰጣቸው ባይኖሩ ደግሞ «መድኃኒቱ ነው ያወፈራቸው» ብለው ይሟገቱኝ ነበር።

— ያልተሰጣቸውስ ምን አጠፉ?

— ዕጣ ነው። እነሱም ከ3 ወር በኋላ ደረሳቸው።

— ዕቁብ ነው በለኛ! ዳኛው ማን ነው?

— የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ።

— የማይበላ ዳኛ ካገኛችሁ ለእኛም ዕቁብ አበድሩን። ምግቡስ ከምን ተሠራ?

— ለከፊሉ ከአኩሪ አተር፣ ለከፊሉ አጓት ተጨምሮበት። አጓት የደረሳቸው ሰዎች የበሽታ መከላከያ ሴሎቻቸው ሻል ብለው ተገኝተዋል።

— አጓት! እናቴ እሱን እያጠጣችኝ ነው 90 የተጠጋሁት። እሷን ማን መጽሔት ላይ አወጣት?

— አጓት ጠጥተው በልጅነታቸው የሞቱትንስ፣ አዴ፣ ማን ቆጠራቸው?

አዴ ዝም አሉ። ይህ ጎሬ ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም። በተረብ ሕግም በሳይንስ ሕግም ነጥቡ የልጁ ነው። ግን ጀበናው በማን እጅ እንዳለ አትርሱ።

— ዳንኤልስ? ከ3 ጓደኞቹ ጋር 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ቀምሶ፣ ከንጉሡ ማዕድ ከበሉት ይልቅ አምረው አልታዩም?

— ዕጣ አልወጣበትማ። ራሳቸው መርጠው ነው የገቡት፤ ሰዎቹም 4 ብቻ ናቸው። መጽሔት አይቀበለውም።

— ግድ የለም፤ የወጣበት መጽሐፍ ከመጽሔታችሁ ይሻላል።

አንድ ለአንድ። ልጁ ፈጠን ብሎ ለደም ግፊት መድኃኒት ሙከራ ሰው የሚመዘገብበትን ገጽ ገለጠ።

— ቡናው ጨው አለበት?

— ያለ ጨው ምኑን ቡና ሆነ?

— የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል።

— በአቦል ነው እስከ በረካ?

— በቀን፣ አዴ! ዕድሜዎን በትክክል ይንገሩኝ።

— ጣሊያን አቡነ ሚካኤልን እዚሁ ጎሬ ሲገድላቸው፣ በ1929፣ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር።

— ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኼ የግፊት መድኃኒት ሙከራ ከ65 ዓመት በላይ አይቀበልም።

— ኪኒኑን በኋላ የሚውጠው ማን ነው?

— አብዛኛው አረጋዊ ነው።

— የሚሞከርበትስ?

— ጎልማሳ።

ይህን እንኳ በጎሬ ምላስ አታሳብቡ። በየዓለሙ ለብዙ ዘመን የመድኃኒት ሙከራ የዕድሜ ጣሪያ እያበጀ፣ ሁለት ሦስት በሽታ የደራረበውንም እያስቀረ ኖሯል፤ ፋርማሲ በር ላይ የሚሰለፉት ግን እነዚሁ የተጣሉት ናቸው። ልጁም ያውቀዋል፤ አንገቱን የደፋው ለዚያ ነው።

— ታዲያ ጎልማሳው ይዋጠው። ለእኔ አጓቱን ላኩልኝ።